ከባሕር ዳር ዓለምን የዞረችው ካሴት፤ በቁይ ሣጥኖች ውስጥ ያሉትስ?

የአፍሪካ ሙዚቃ አፍቃሪ የሆነው አሜሪካዊ ብራያን ሺምኮቪትዝ ከዓመታት በፊት ወደ ባሕር ዳር ጎራ ባለበት ወቅት አንዲት አሮጌ ካሴት እጁ ገባች። የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ በ1985 ኑሯቸውን ባደረጉበት በዋሽንግተን ዲሲ የቀረጿት ናት። አኮርዲዮኑ የቀደመውን ዘመን ዜማ ይዞ ይሄዳል፤ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ምት የሚሰጥ መሣሪያ ይከተሉታል። መሣሪያዎቹን ሁሉ የተጫወቱት አንድ ሰው፣ ኃይሉ ራሳቸው ናቸው።

ሺምኮቪትዝ ከ2006 ጀምሮ በአፍሪካ ያገኛቸውን ካሴቶች እንደ እርሱ ሙዚቃ ለሚወዱ ሰዎች በኢንተርኔት የማካፈል ልማድ ነበረው። ይህችን ካሴት ግን ሰምቶና አሰምቶ ብቻ አልተዋትም፤ ባለቤቷን ፈለገ። የደብረ ብርሃኑ ተወላጅ ኃይሉ በዚያ ጊዜ በዋሽንግተን አቅራቢያ በሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሾፌር ነበሩ። ኪቦርዳቸውን በመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ይዘው እየዞሩ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመዱበት ነበር። ካሴቷ በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመች። አሳታሚው ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል ይካፈላል። ቀጥሎ ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 የሠሩት “ቼ በለው” እና ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠሩት “ወደ ሐረር ጉዞ” በየተራ ታተሙ። በ2018 ደግሞ ዕድሜያቸው 70ን ካለፈ በኋላ “ላላ በሉ” የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮችም ዳግም ታዩ።

ይህ ታሪክ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያነሣው የታክሲውን ነገር ነው። የእኔን ቀልብ የሚይዘው ግን ካሴቷ የተገኘችበት ቦታ ነው። በዋሽንግተን የተቀረጸች ሥራ ባሕር ዳር ድረስ ደርሳ፣ ሃያ ዓመት ከቆየች በኋላም ክሯ ሳይበጠስ፣ የባለቤቷ ስም ከሽፋኗ ላይ ሳይጠፋ ተገኘች። በእጅ ለእጅ ቅብብል ውስጥ ያለፉ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ጠብቀዋታል።

የምሥራቅ ጎጃሟ ደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ቁይም ሆነች በዙሪያዋ ያሉ ቀበሌዎች እንዲህ ያለ ካሴት የሌለባቸው አይደሉም። ቴፕ የነበረው ቤት ሁሉ ካሴት ነበረው። ቴፑ ከተበላሸ በኋላ ካሴቶቹ በሣጥን፣ በአልጋ ሥር፣ በቆጥ ላይ ቀርተዋል። ጥያቄው በውስጣቸው ምን እንዳለና ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት እንዴት ወደ ሌላው ሰው ጆሮ ሊደርስ እንደሚችል ነው።

ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ መቀረጽ የጀመረው በ1900 ዓ.ም ገደማ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን በተላኩበት ጊዜ በዚያው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት እጅ ቆየ፤ የመጨረሻው ባለመብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ነበር። ይህን አጥር የጣሰው የሙዚቃ ሸክላ ነጋዴው ወጣት አምሐ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ በ1969 አምሐ ሬከርድስን አቋቁሞ፣ ሊከሰስ እንደሚችል እያወቀ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ሥራ አሳተመ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ አልበሞችን አወጣ። ዓሊ አብደላ ካይፋም በራሳቸው ማሳተሚያ የማሕሙድ አሕመድንና የሌሎችን ሥራዎች ለሕዝብ አደረሱ። ዛሬ “ወርቃማው ዘመን” የሚባለው ከሞላ ጎደል የእነዚህ ጥቂት ዓመታት ምርት ነው።

ሸክላ ግን ለገጠሩ እምብዛም አልደረሰም። ማጫወቻው ውድ ነው፤ ሸክላውም ከተጫረ አለቀለት። ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1963 ለገበያ ያቀረበው ካሴት ነው የገበሬውን ደጅ ያንኳኳው። መብራት አይፈልግም፤ በራዲዮ ድንጋይ ይሠራል። በኪስ ይያዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ቴፕ ያለው ሰው ማባዛት ይችላል። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት የሌሊቱ የሙዚቃ መድረክ ሲዳከም፣ ሸክላም መታተሙ ሲቆም፣ ሙዚቃው በካሴት እየተባዛ በየመንደሩ ኖረ።

የማባዛቱ ነገር ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ዘፋኙን ያከስራል፤ አንዱ ገዝቶ ሃያው ይቀዳልና። በሌላ በኩል ግን ሙዚቃው የሚኖረው በዚሁ መንገድ ነው። የፈረንሳዊውን ፍራንሲስ ፋልሴቶን ጉዳይ እንመልከት። እ.ኤ.አ በ1984 አንድ ወዳጃቸው ከአፍሪካ ጉዞ ሲመለስ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ይዞ መጣ። ፋልሴቶ ሰምተው ተገረሙ፤ ሸክላውን በካሴት እየገለበጡ ለሚያውቋቸው ጋዜጠኞችና ሙዚቃ ወዳዶች ላኩ። ሁሉም ይህ ማን ነው የሚል ጥያቄ መለሱላቸው። በዓመቱ አዲስ አበባ ገቡ። በ1986 “እሬ መላ መላ” በቤልጂየም ታተመ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ “ኢትዮፒክስ” የተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ወጣ፤ ቁጥሩም ከ30 በላይ ደረሰ። የሙላቱ አስታጥቄ፣ የጌታቸው መኩሪያ፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ የበገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ፣ የክራር ተጫዋቿ አስናቀች ወርቁ፣ ከላይ የጠቀስናቸው የነጋድራስ ተሰማም ሥራዎች ተካትተውበታል። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ሰው አንድ ሸክላ ለወዳጁ ማሰማቱ ነው።

በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ ግን ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ሽፋኑ። ሸክላው የማሕሙድን ስም፣ ካሴቷ የኃይሉን ስም ይዘው ባይገኙ ኖሮ ፈላጊው ማንን ይጠይቅ ነበር?

አሁን ወደ ቁይ እንመለስ። በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ የጨረሰ ወጣት ወደ ሞባይል ጠጋኙ ሱቅ ገብቶ ሚሞሪውን ይሰጣል፤ ዘፈን ያስጭናል። ጠጋኙ ከኮምፒውተሩ አንድ ሙሉ ፎልደር ገልብጦ ይሰጠዋል። በውስጡ አዲስ የወጣ ነጠላ ዜማም፣ የአባቱ ዘመን ዘፈንም ተቀላቅሎ ይገኛል። ስሙ ግን “ትራክ 07” ወይም “ምርጥ የድሮ” ነው። ወጣቱ ወዶት ለጓደኛው በብሉቱዝ ይልካል፤ ጓደኛው በቴሌግራም ያስተላልፋል። ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ ማሲንቆውን ማን እንደመታ፣ የት እንደተቀረጸ የሚያውቅ በመንገዱ ላይ የለም።

ዘር የሚለዋወጥ ገበሬ እንዲህ አያደርግም። ጎረቤቱ ጥሩ ጤፍ ሲያፈራ አይቶ ዘር ከጠየቀ የዘሩን ስም፣ ከማን እንደመጣና በየትኛው አፈር ላይ እንደተዘራ አብሮ ይጠይቃል። እኔም በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ስምና ቦታ ያልተጻፈበት የዘር ናሙና ለምግብ እንጂ ለናሙናነት እንደማይሆን ተምሬያለሁ። በሙዚቃ ጊዜ ይህን ጥንቃቄ የት እንደምንጥለው ይገርመኛል።

በየቤቱ ያሉት ካሴቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው ደግሞ ቀላል አይደለም። አንደኛው ዓይነት በሙዚቃ ቤት ታትሞ የተሸጠው ነው። ይህ ቢበላሽ ሌላ ቅጂ በደብረ ማርቆስ ወይም በአዲስ አበባ፣ ካልሆነም በውጭ ሀገር በሚኖር ሰው እጅ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው በቤት ውስጥ የተቀዳው ነው። በሠርግ ላይ የተቀዳ የአዝማሪ ጨዋታ፣ የአንድ አባት ቀረርቶና ፉከራ፣ እረኛ ሳለ ዋሽንት የነፋ አጎት፣ የእናት እንጉርጉሮ። የዚህ ሁለተኛ ቅጂ በዓለም ላይ የለም። ብዙ ጊዜ ግን የምንንከባከበው የመጀመሪያውን ነው፤ ሥዕል ያለበት ሽፋን ስላለው። ያለ ሽፋን በባዶ ካሴት የተቀዳው በልጆች እጅ ይጫወትበታል። ጊዜም ገንዘብም ውስን ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ይህ የቤት ቀረጻ ነው።

ካሴት ለምን ይበላሻል? ክሩ ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በላዩ ላይ የተለበጠው ቡናማ ዱቄት በአብዛኛው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ዝገት ከምንለው ነገር ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ድምፁ የሚቀመጠው በዚያ ዱቄት ውስጥ በማግኔት ኃይል ነው። ዱቄቱን ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ በሙቀትና በእርጥበት ይደክማል። የምድጃ ጭስ በላዩ ሲያርፍ ይጣበቃል፤ ክረምቱ ረጅም በሆነበት ደጋ ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል። እህል ያለ ልክ እርጥብ ሆኖ ጎታ ከገባ የሚደርስበትን የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። የትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ማግኔትም ቀረጻውን ሊያደበዝዝ ስለሚችል ካሴትን በስፒከር ላይ መደርደር ጥሩ አይደለም።

እንግዲህ ካሴት የተገኘ ዕለት የሚመጣው የመጀመሪያ ስሜት ቴፕ ፈልጎ ማጫወት ነው። መታገሥ ይሻላል። በመስኮቱ በኩል ሲታይ ክሩ ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ሳይጸዳ ቢጫወት ክሩንም ቴፑንም ያበላሻል፤ የሚቀጥለውንም ካሴት ይበክላል። ንጹሕ ከሆነ በቢክ እስክሪብቶ ጥርሱን ይዞ በዝግታ ማዞር፣ ክሩ ተጣብቆ እንደሆነ በእጅ ማወቅ ይቻላል። ከጀርባው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አልተሰበሩ እንደሆነ ይሰበሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሕፃን የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫን እንኳ ቴፑ በአባቱ ድምፅ ላይ ሌላ ነገር ሊቀዳ አይችልም።

ቴፑም መዘጋጀት አለበት። ክሩ የሚነካው ድምፅ አንባቢ ብረት፣ ሰዎች “ሄድ” የሚሉት፣ ለዓመታት ካልሠራ ቆሻሻ ይይዛል። ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ ንጹሕ አልኮልና በጥጥ ይጠረጋል፤ ውኃ የበዛበት የእጅ ማጽጃ ግን አይሆንም። ሲቀዳ ቴፑ በመብራት ቢሠራ ይመረጣል። በድንጋይ ከሆነ ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ሞተሩ ይዘገያል፤ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። የተገላቢጦሹም አለ። በአንዳንድ የቤት ካሴቶች ውስጥ ሰዎች እንደ ሕፃን በቀጭን ድምፅ ሲጣደፉ ይሰማል፤ ድንጋዩ በደከመ ቴፕ ስለተቀዱ ነው። ይህ ጉድለት ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ ፍጥነቱን በመቀነስ ይታረማልና ካሴቱ ተበላሸ ብሎ መጣል ስሕተት ነው።

መቅዳቱ በራሱ ከባድ አይደለም። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ የሚሄድ አንድ ገመድ ይበቃል፤ የሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ይገኛል። ስልክን በቴፑ ፊት አስቀምጦ መቅዳት የበግና የዶሮ ድምፅም አብሮ ያስገባል፤ ሌላ አማራጭ ከጠፋ ግን ከምንም ይሻላል። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ሳይጨመቅ “ዌቭ” በሚባለው ዓይነት ሲቀመጥ 600 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ ተጨምቆ “ኤምፒ ስሪ” ሲሆን እንደ ጥራቱ ወደ 60 ሊወርድ ይችላል። ትልቁ ለማስቀመጫ፣ ትንሹ ለማካፈያ ይሁን። አንድ ጊዜ የተጨመቀ ድምፅ እንደገና ቢሰፋም የጠፋው አይመለስም። ማስቀመጫውም አንድ ፍላሽ ብቻ ከሆነ ፍላሹ የጠፋ ዕለት ልፋቱ ሁሉ ባዶ ነው፤ ቢያንስ በሁለት ቤት ይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሙን መጻፍ ነው፤ ከመቅዳቱ ይልቅ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ቴክኒኩን ወጣቱ ያውቀዋል፤ ድምፁን የሚያውቁት ግን አዛውንቶቹ ናቸው። ቅጂው በቡና ሰዓት ይከፈትላቸውና ይጠየቁ፤ ማን ነው የሚዘፍነው? የማን ሠርግ ነበር? ማሲንቆው የማን ነው? ዓመተ ምሕረቱን ላያስታውሱ ይችላሉ፤ ከመስከረም በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ልጄ ከመወለዱ በፊት ነው ቢሉ ግን ያም ይበቃል፤ ይጻፍ። መልሱም በፋይሉ ስም ላይ ይግባ፤ ለብቻው በደብተር ብቻ ከተጻፈ ዘፈኑ ሲላክ ደብተሩ እቤት ይቀራል። የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ስም፣ ቦታና ዓመት በአንድ መስመር ቢጻፍ የስልክ አንድ ረድፍ አይሞላም።

ለማን ማካፈል ይቻላል የሚለው ላይ ሕጉም ወግም ድርሻ አላቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሕዝብ የቀረበን ሥራ አንድ ሰው ለግል አገልግሎቱ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። እያባዙ መሸጥ ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። የደራሲው መብት ከሞተ በኋላ እንኳ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል፤ ዘፈኑ የድሮ ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ሚሞሪ የሚሞላው ሱቅ ይህን አያስብም። አድማጩ ግን በአንድ ነገር ሊክስ ይችላል፤ ያረጀውን አልበም ወዶ ለጓደኛው ሲያሰማ ዘፋኙ ወይም ወራሾቹ በሕጋዊ መንገድ ያወጡት እንዳለ አብሮ ይንገረው። አንዳንድ የድሮ ሥራዎች ዛሬ በባለቤቶቻቸው ፈቃድ በዩቲዩብ ይገኛሉ።

የቤት ቀረጻው ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለቅሶ ላይ የተቀዳ ሙሾ የሟች ቤተሰብ ነው፤ ሳይጠየቁ ለሺህ ሰው መላክ ነውር ነው። ፉከራ ደግሞ የሰው ስምና የድሮ ጠብ ይነካል። አባቶች በሽምግልና ያበረዱት ደም በሃያ ዓመት ካሴት እንዲታወስ የሚሻ የለምና እንዲህ ያለው በቤተሰብ እጅ ቢቆይ፣ ሽማግሌም ቢሰማው ይሻላል። የዋሽንቱን ዜማ፣ የሠርጉን ዘፈን፣ የእርሻውን ጨዋታ ለማካፈል ግን የባለ ድምፁ ወይም የቤተሰቡ ፈቃድ ይበቃል። የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ዘንድ አንድ ቅጂ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ከስንት ሣጥን ስንት ድምፅ እንደወጣ መዝግቦ የሚይዝ አንድ ሰው በወረዳው ቢኖር ደግሞ የበለጠ።

ተቀድቶ ያለቀ ካሴትም አይጣልም። ነገ የተሻለ ቴፕ ያለው ሰው ሊገኝ፣ ዛሬ የታፈነው ድምፅ ጠርቶ ሊወጣ ይችላል። ክሩ ወደ መጀመሪያው ተጠምጥሞ፣ በቤቱ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ መጽሐፍ በቁመቱ ይቀመጥ፤ ከምድጃውና ከፀሐዩ ራቅ ብሎ፣ ግድግዳው እርጥበት በማያስገባበት በኩል። በላዩም ስሙ በእስክሪብቶ ይጻፍበት።